እስከ መጨረሻው ገጽ፦ የመምህር ቢያዝን አወቀ የሕይወት ታሪክ (1970–2018 ዓ.ም.)

መምህር ቢያዝን አወቀ ከአባታቸው ከአቶ አወቀ ተገኘ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የትነበርሽ እንግዳ በሰሜን ጎንደር በድብ ባሕር መጋቢት 12 ቀን 1970 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ገብስና ስንዴ የሚያመርቱ ገበሬ ነበሩ። መምህር ቢያዝን ከአምስት ልጆች ሦስተኛው ናቸው።

አራት ዓመት ሲሆናቸው በአገሩ በገባው ኩፍኝ ታመው የሁለቱም ዓይኖቻቸው ብርሃን ጠፋ። እናታቸው በዚያ ዓመት ያልተሳሉበት ደብር፣ ያልወረዱበት ጸበል አልነበረም። ዓይኑ ለጠፋ ልጅ በአካባቢው የተከፈተው በር የቤተ ክርስቲያን የቃል ትምህርት ነበርና ጎረቤቶች አባታቸውን «አያ አወቀ፣ ምነው ልጁን ቤት ታስቀምጠዋለህ? ቃል ይያዝ እንጂ» አሏቸው። ስለዚህ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ለመሪጌታ አምሐ ተሰጡ። መሪጌታ በየቀኑ ጥቂት ቃል ይነግሯቸዋል፤ ሕፃኑ ያንን ይዘው በማግስቱ ይመለሳሉ። ዳዊቱን እንዲህ እየተቀበሉ ከግማሽ በላይ ዘለቁ። ልጅ ዳዊት ሲደግም ቤተሰቡ ይደግሳልና ወይዘሮ የትነበርሽ ጠላውን ጠንስሰው ነበር። ነገር ግን መሪጌታ አምሐ በድንገት ወደ ሌላ ደብር ተጠርተው ሄዱ። ጠላው ለዝክር ዋለ፤ ዳዊቱም ሳይፈጸም ቀረ።

በ1979 ዓ.ም. በአጎታቸው ጥረት ከአገራቸው ርቆ ወደሚገኝ የዓይነ ስውራን አዳሪ ትምህርት ቤት ገቡ። ብሬልን በአጭር ጊዜ ለመዱ። በጣታቸው ማንበብ የቻሉበትን ሳምንት ያህል የተደሰቱበት ጊዜ በልጅነታቸው እንዳልነበረ ይናገሩ ነበር። ሆኖም አንድ መጽሐፍ በብሬል ሲጻፍ ብዙ ጥራዝ ይሆናል፤ ጥራዞቹም ከተማሪ ወደ ተማሪ ሲተላለፉ ይጠፋሉ። የመጀመሪያው ጥራዝ አይታጣም ነበር፤ የመጨረሻው ግን አይገኝም። ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ወዳጆቻቸው ሲገናኙ እስከ ዛሬ «የስንት መጽሐፍ መግቢያ ታውቃለህ?» እየተባባሉ ይቀልዳሉ።

በ1987 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ተመልሰው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን ከሚያዩ ተማሪዎች ጋር ተከታተሉ። ማትሪክ በከፍተኛ ውጤት አልፈው በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በ1994 ዓ.ም. በታሪክ ትምህርት በመጀመሪያ ዲግሪ ተመረቁ።

በዩኒቨርሲቲ ቆይታቸው እንደ ሌሎቹ ዓይነ ስውር ተማሪዎች ሁሉ የሚያነብላቸው ሰው ከተማሪው መካከል ይፈልጉ ነበር። አንባቢ ማግኘት ዕድል ነው። ማቆየት ግን ከዕድልም በላይ ነው፤ ፈተና ሲደርስ አንባቢው ለራሱ ያነባል፣ ሲመረቅም ይሄዳል። በ1992 ዓ.ም. ከእንፍራንዝ የመጡ የኬሚስትሪ ተማሪ፣ ወይዘሪት ውቢት ምናለ፣ ሊያነቡላቸው ፈቀዱ። በመጀመሪያው ቀን ወይዘሪት ውቢት ስላፈሩ በንባቡ ያለ ዕረፍት ሲሮጡ መምህር ቢያዝን ሰምተው «እመቤት፣ አውቶቡስ ሊያመልጥሽ ነው እንዴ?» አሏቸው። ከዚያ በኋላ ንባቡ ዝግ አለ።

የትምህርቱ ንባብ ሲያልቅ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ረጅም ልብ ወለድ ያነቡ ነበር። ታሪኩ በአንድ የውኃ ወፍጮ ስለሚካሰሱ ሁለት ወንድማማቾች ነው። ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ሁለቱም ምስክር አላቸው። ክርክሩ ከአጥቢያ ዳኛ ተነሥቶ እስከ ትልቁ ችሎት ይወጣል። ፍርድ ሊሰጥ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩ ሐምሌ 1993 ዓ.ም. ደረሰ፤ ወይዘሪት ውቢት ተመርቀው ወደ ደብረ ታቦር ተመደቡ፤ መጽሐፉም ወደ ዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተመለሰ። በኅትመት ላይ ስላልነበረ ከገበያ ሊገኝ አልቻለም።

መምህር ቢያዝን በ1995 ዓ.ም. በደባርቅ የታሪክ መምህር ሆነው ሥራ ጀመሩ። ጥር 1997 ዓ.ም. ከወይዘሮ ውቢት ምናለ ጋር ሥርዓተ ጋብቻ ፈጽመው በ1998 ዓ.ም. ወደ ጎንደር ከተማ ተዛወሩ፤ መኖሪያቸውንም ማራኪ በተባለው ሰፈር አደረጉ። ወይዘሮ ውቢትም በዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ተቀጠሩ። በ1999 ዓ.ም. ልጃቸው ፍሬ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ልጃቸው አቢ ተወለዱ።

ተማሪዎቻቸው የሚያስታውሱት መምህር ቢያዝን ክፍል ሲገቡ ባዶ እጃቸውን መሆናቸውን ነው። ትምህርቱን በቃል ያስተምሩ፣ መጽሐፉን ግን ተማሪዎቹ በየተራ ጮክ ብለው እንዲያነቡት ያደርጉ ነበር። አንድ መሥመር የዘለለ ተማሪ «ወንድሜ፣ ንጉሡን ሳይነግሥ ገደልከው፤ ተመለስ» ይባላል። ከክፍላቸው ማንበብ የሚፈራ ልጅ ሳይፈራ ወጥቷል።

በጎንደር ትምህርት ቤት የቅርብ ወዳጃቸው የሒሳብ መምህሩ አቶ ሐምዛ ነበሩ። አቶ ሐምዛ ያንን ልብ ወለድ በወጣትነታቸው አንብበውት ስለነበር ፍርዱ ለማን እንደሆነ ያውቃሉ። መምህር ቢያዝን ግን እንዳይነግሯቸው አጥብቀው አስጠንቅቀዋል። ይህም በመምህራን ማረፊያ ክፍል የዘወትር ጨዋታ ሆነ። አቶ ሐምዛ «ቢያዝን፣ ዛሬ ሻይ ካልጋበዝከኝ ፍርዱን እናገራለሁ» ይላሉ። መምህር ቢያዝንም «ከተናገርክ ሰላምታችን እዚህ ላይ አበቃ» ብለው ይመልሳሉ፤ ሻዩንም ይጋብዛሉ።

በ2006 ዓ.ም. አቶ ሐምዛ ከአንድ ዘመዳቸው ቤት የመጽሐፉን ቅጂ አግኝተው አመጡላቸው። ወይዘሮ ውቢት ካቆሙበት ሊቀጥሉ ተቀመጡ። መምህር ቢያዝን መጽሐፉን በእጃቸው ጥቂት ከዳበሱ በኋላ «አይ፤ ይህን ራሴ አነበዋለሁ» ብለው በመደርደሪያው ላይ አኖሩት።

ይህን እንደ ግትርነት ያዩ ነበሩ። ዓይነ ስውር ሰው የታተመ መጽሐፍ ለይቶ ሲያስቀምጥ አይተው የሳቁ እንግዶችም አሉ። በቤቱ ውስጥ ግን ምክንያቱ ይታወቅ ነበር። መምህር ቢያዝን ያነበቡት ሁሉ በሌላ ሰው አፍ፣ በሌላ ሰው ጊዜና በሌላ ሰው ጉልበት የተነበበ ነው። አንባቢ ሲያዛጋ «ይበቃል፣ ደክሞሃል» የሚሉት እርሳቸው ነበሩ፤ ታሪኩ በጣም ያጓጓቸው ጊዜ እንኳ። በሕይወታቸው አንድ መጽሐፍ፣ አንድ ብቻ፣ ማንንም ሳያስቸግሩ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ ይፈልጉ ነበር። ኮምፒውተር በእንግሊዝኛ ማንበብ መጀመሩን ሰምተዋልና በአማርኛም አንድ ቀን እንደሚመጣ አልተጠራጠሩም። ባለቤታቸውም እርሳቸው ያልደረሱበትን ቀድሞ ማወቅ ስላልፈለጉ መጽሐፉን ሳይገልጡት ቆዩ።

በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት በተዘጉበት ወቅት በደባርቅ ያስተማሯት ኤሌኒ ከአዲስ አበባ ደወለች። ኤሌኒ የኮምፒውተር ባለሙያ ናት። በጎ ፈቃደኞች ለዓይነ ስውራን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ማቋቋማቸውን፣ እርሷም ከእነርሱ አንዷ መሆኗን ነገረቻቸው። ይህ ቤተ መጻሕፍት ሕንፃ የለውም፤ ደመወዝተኛም የለውም። አንዱ መጽሐፉን ገጽ በገጽ ፎቶ ያነሣል፤ ሌላው ኮምፒውተሩ የሳተውን ፊደል ያርማል፤ ሌሎች ደግሞ በየቤታቸው፣ በሥራ መውጫ ሰዓታቸው፣ በድምፃቸው አንብበው ይቀዳሉ። አንባቢው ለማን እንደሚያነብ አያውቅም፤ የሚሰማውም ማን እንዳነበበለት ከስሙ በቀር አያውቅም። መምህር ቢያዝን ይህን ሲሰሙ «የእነዚህን ሰዎች እናቶች እግዚአብሔር ይባርካቸው» አሉ።

ስልካቸው በኤሌኒ መሪነት ተዘጋጀ። በመጀመሪያ የሰሙት የማሽኑን አማርኛ ነበር። «ይህ ሰውዬ ከየት አገር ነው? ጎንደር እንዳልደረሰ ግን ግልጽ ነው» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁ። ቀጥለው በሰው ድምፅ የተቀዳ አንድ የታሪክ መጽሐፍ ከፈቱ። ያ ጠዋት በቤተሰቡ ዘንድ አይረሳም። ባለቤታቸው ከጓዳ ሆነው ያው ዓረፍተ ነገር ደግሞ ደጋግሞ ሲነበብ ሰሙና ስልኩ የተበላሸ መስሏቸው ወጡ።

«ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም። ዓረፍተ ነገሩ ደስ ብሎኝ ነው።»

«አራት ጊዜ?»

«ውቢት፣ እስኪ ሰውን አራት ጊዜ አንብብልኝ ይባላል?»

ወይዘሮ ውቢት ለዓመታት ሲያነቡላቸው አንድም ዓረፍተ ነገር ይደገምልኝ ብለው እንዳልጠየቁ ያስተዋሉት ያን ጊዜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህር ቢያዝን በረንዳ ላይ ብቻቸውን ተቀምጠው ሲስቁ ይሰማ ነበር። በምን እንደሚስቁ ቤተሰቡ አያውቅም። ባለቤታቸው ያላነበቡላቸው፣ ባለቤታቸው የማያውቁት መጽሐፍ በዚያ ቤት ውስጥ ሲኖር የመጀመሪያው ነበር። ይህም ለሁለቱም ትልቅ ነገር ሆነ።

የወንድማማቾቹ ልብ ወለድ ግን በቤተ መጻሕፍቱ አልተገኘም። መምህር ቢያዝን መጽሐፉን ከመደርደሪያው አውርደው፣ አቧራውን በጋቢያቸው ጠርገው ለኤሌኒ ላኩላት። ሊያነቡት የፈቀዱት በሐዋሳ የሚኖሩ ወይዘሮ ባንቺአየሁ የሚባሉ ነርስ ነበሩ። የሚነበበው ምዕራፍ በየሳምንቱ ይጫን ጀመር። ኤሌኒ መጀመር እንደሚችሉ ብትነግራቸውም መምህር ቢያዝን እንቢ አሉ። ዳዊቱንም፣ የብሬሉንም ጥራዝ፣ የዩኒቨርሲቲውንም ንባብ ያውቁታልና «የመጨረሻው ምዕራፍ ከገባ በኋላ ንገሪኝ፤ አሁን ደጁን አልረግጥም» አሏት።

ፍርዱ የሚሰጥበት ክፍል ሲቃረብ ንባቡ ተቋረጠ። ሳምንታት አለፉ፤ አዲስ ምዕራፍ አልገባም። መምህር ቢያዝን አልጠየቁም፤ ግን በየጠዋቱ ስልካቸውን ከፍተው የምዕራፎቹን ዝርዝር እስከ ታች ይሰሙና ይዘጉት ነበር። በዚያ ወቅት ምግብ እንኳ ቀንሰው እንደነበር ባለቤታቸው ይመሰክራሉ። በመጨረሻ ኤሌኒ ደወለችና ወይዘሮ ባንቺአየሁ መውለዳቸውን ነገረቻቸው፤ ሌላ አንባቢ ይተካ እንደሆነም ጠየቀቻቸው። የሌላ ድምፅ ቢተካ በሳምንት ያልቅ ነበር።

«ወንድ ነው ሴት?» አሉ መምህር ቢያዝን።

«ወንድ።»

«በሰላም ያሳድግላት። አራስን ለመጽሐፍ አያስቸኩሉም፤ የጀመረችው እርሷ ናት፣ እርሷ ትጨርሰው።»

«መምህር፣ ባትመለስስ?»

«ባትመለስም ይህን ያህል አንብባለች።»

ያን የተናገሩት ያ መጽሐፍ ከእጃቸው ሊያመልጥ እንደሚችል እያወቁ ነው። ከሃያ ዓመት ጥበቃ በኋላ እንዲህ ለማለት ምን ዓይነት ልብ እንደሚያስፈልግ አብረዋቸው የኖሩት እንኳ ማወቅ አልቻሉም።

ወይዘሮ ባንቺአየሁ ከክርስትናው በኋላ ተመለሱ። የመጨረሻው ምዕራፍ በገባ ማግስት፣ በ2013 ዓ.ም. ግንቦት አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መምህር ቢያዝን ከመጀመሪያው ገጽ ጀመሩ። ለሥራና ለምግብ ካልሆነ በቀር ከበረንዳው አልተነሡም። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ከፍርዱ ደረሱ። ዳኛው ተነሥተው ሊናገሩ ሲሉ በቅጂው ውስጥ ሕፃኑ አለቀሰ። አንባቢዋ ቆም ብለው እሹሩሩ አሉትና ቀጠሉ። ኤሌኒ በኋላ ይህንን ድምፅ ቆርጣ ልታወጣው ስትጠይቃቸው «ተይው፤ እርሱም የችሎቱ ታዳሚ ነው» አሏት። እስከ ዛሬም በቅጂው ውስጥ አለ።

ንባቡ ሲያልቅ ስልኩን በጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ለረጅም ጊዜ ተቀመጡ። ፊታቸው ላይ የነበረውን ባለቤታቸው አይተዋል፤ ለመጻፍ ግን ቃል አላገኙለትም። ቀጥሎም ለአቶ ሐምዛ ደወሉ።

«ሐምዛ፣ ከእንግዲህ ሻይ የለም። ጨርሻለሁ።»

«እሰይ! እና ፍርዱን እንዴት አየኸው?»

«ዳኛው ተሳስቷል።»

«ምኑ ላይ? አንተ ደግሞ፣ ዳኛው ልክ ነው እንጂ!»

ክርክሩ በመምህራን ማረፊያ ለወራት ዘለቀ። አንዱ ሲያነብ ሌላው የሚሰማበት ጊዜ አልፎ ሁለት አንባቢዎች በአንድ መጽሐፍ ሲጣሉ ማየት ለጓደኞቻቸው ሁሉ ድንቅ ነበር። ወይዘሮ ውቢት ፍርዱን ቢጠይቋቸው «መጽሐፉ ተመልሶ መጥቷል፤ ራስሽ አንብቢው» አሏቸው። ወይዘሮ ውቢትም በዚያው ሳምንት አነበቡት። የዳኛው ፍርድ ትክክል ነው ብለው ስላመኑ በቤቱም ክርክር ተነሣ።

መምህር ቢያዝን ያገኙትን ለብቻቸው ይዘው አልተቀመጡም። በ2014 ዓ.ም. በጎንደር ያሉ ዓይነ ስውር ተማሪዎች የመማሪያ መጻሕፍት እንዲቀዱላቸው አንድ የትምህርት ቤት ዕቃ ቤት ጠይቀው አገኙ። ግድግዳውን በብርድ ልብስ አልብሰው መቅጃ ክፍል አደረጉት። መምህራን፣ የባንክ ሠራተኛ፣ ነርሶች፣ አንድ ዲያቆንም መጡ። መምህር ቢያዝን የተቀዳውን ሁሉ እየሰሙ የተዘለለውን ያስተካክሉ ነበር።

ዲያቆን ኃይለ ጊዮርጊስ የደረሳቸው የጂኦግራፊ መማሪያ ነበር። በቤተ ክርስቲያን ከልጅነታቸው ጀምረው በመጽሐፍ ፊት ሲቆሙ የለመዱት ወንጌል በሚነበብበት ዜማ ነውና ጂኦግራፊውንም በዚያው አነበቡት። ቅጂው ለእርማት በመምህር ቢያዝን ቤት ሲከፈት ወይዘሮ የትነበርሽ ከድብ ባሕር ለጥየቃ መጥተው ነበር። ድምፁን ሲሰሙ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሥተው ቆሙ።

«እምዬ፣ ቁጭ በይ። ስለ ድንጋይ አፈጣጠር ነው።»

«ምነው ልጄ! ድንጋዩንስ የፈጠረው ማን ሆነና ነው የምቀመጠው?»

እስከ ምዕራፉ ፍጻሜ አልተቀመጡም። ዲያቆን ኃይለ ጊዮርጊስ ይህን ሲሰሙ አፍረው ሊተዉት ነበር፤ መምህር ቢያዝን ግን «ጎረቤትህ ስለ ዝናብ የጠየቀህ መስሎህ ንገረው» ብለው ዘወትር ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው እየተቀመጡ አለማመዷቸው። ሌሎቹ ምዕራፎች እንደገና ተነበቡ። የድንጋዩ ምዕራፍ እንዳይነካ ግን ተማሪዎቹ ለመኑ፤ በፈተና ጊዜ ከነዜማው ያስታውሱት ነበርና። ዛሬ ከክፍሉ አንባቢዎች ሁሉ ብዙ ያነበቡት ዲያቆኑ ናቸው።

ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት መምህር ቢያዝን መጻሕፍቱን በሚሞሪ ካርድ እያስገለበጡ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት በሚሄድ መንገደኛ ሁሉ ይልኩ ነበር። መንገድ ሲዘጋ ካርዱ ይዘገያል እንጂ የቀረ የለም። ከተቀባዮቹ መካከል ሁለቱ ዛሬ የሕግ ተማሪዎች ናቸው፤ በዚህ ቀብር ላይም ተገኝተዋል።

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ መምህር ቢያዝን በጉበት ሕመም ታመሙ። በሐኪሞች ርዳታና በጸበል ሲታከሙ ቆይተው ለጥቂት ወራት ተሽሏቸው ወደ ክፍልም ወደ መቅጃውም ተመለሱ። በነሐሴ ሕመሙ ጸናባቸው፤ በጎንደር ሆስፒታል ተኝተውም ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ያደረጉላቸውን እንክብካቤ ቤተሰቡ በምስጋና ያስታውሳል።

በመስከረም መጨረሻ ስልክ መያዝ አቃታቸው፤ የጆሮ ማዳመጫውም አሰለቻቸው። አንድ ቀን ባለቤታቸውን ጠርተው «እነ ኤሌኒ ዘንድ ገና ያልገባ መጽሐፍ አምጪልኝ፤ አንቺ እንድታነቢልኝ» አሏቸው። ከቤተ መጻሕፍቱ ወዲህ እንዲህ ብለው ጠይቀው አያውቁም ነበር። ወይዘሮ ውቢት በዚያ ሰሞን የታተመ አንድ ልብ ወለድ ገዝተው መጡና ከሰዓት በኋላ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ማንበብ ጀመሩ። በአጠገቡ አልጋ ከዳባት የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ተኝተው ነበር። እርሳቸውም ያዳምጡ ጀመር፤ አስታማሚዎቻቸውም ወንበራቸውን ሳቡ። ወይዘሮ ውቢት ውኃ ሊጠጡ ሲያቆሙ አዛውንቱ «ምነው አቆምሽ እቴ? ሸጋ እየሄደልን አልነበር?» ይላሉ። መምህር ቢያዝንም ዓይናቸውን እንደ ጨፈኑ ፈገግ ይሉ ነበር። አንድ ቀን «ያችን ዓረፍተ ነገር ድገሚልኝ» አሉ። ተደገመላቸው። «አሁንም» አሉ። አሁንም ተደገመላቸው።

ሐሙስ ጥቅምት 6 ቀን ታሪኩ መጠናቀቂያው ሲቃረብ መምህር ቢያዝን እጃቸውን አንሥተው ንባቡን አስቆሙ።

«ለእኔ ይበቃኛል። የቀረውን አንቺ ጨርሺው።»

«ነገ እንጨርሰዋለን እንጂ» አሉ ባለቤታቸው።

«አንቺ ጨርሺው። ጮክ ብለሽ ግን።»

አዛውንቱ ከአልጋቸው «አያ ቢያዝን፣ ልጅቱ ታገባው አታገባው ሳናውቅ እንዴት ይቆማል?» ብለው ቢከራከሩም መምህር ቢያዝንን እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

መምህር ቢያዝን አወቀ በማግስቱ ዓርብ ጥቅምት 7 ቀን 2018 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በ47 ዓመታቸው፣ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው ባሉበት ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። የቀብር ሥነ ሥርዓታቸውም ዛሬ ቅዳሜ ጥቅምት 8 ቀን ወላጅ እናታቸው፣ ዘመዶቻቸው፣ የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ ተማሪዎቻቸውና በድምፅ ብቻ የሚያውቋቸው ወዳጆቻቸው በተገኙበት በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ይፈጸማል። ወይዘሮ ባንቺአየሁም ከልጃቸው ጋር ከሐዋሳ ተነሥተው በመንገድ ላይ ናቸው። መምህር ቢያዝንን በአካል አይተዋቸው አያውቁም።

መምህር ቢያዝን የእናታቸው የወይዘሮ የትነበርሽ እንግዳ ልጅ፣ የወይዘሮ ውቢት ምናለ ባለቤት፣ የፍሬ ቢያዝንና የአቢ ቢያዝን አባት፣ የአራት እኅትና ወንድሞች ወንድም፣ ቁጥራቸውን እርሳቸውም የማያውቁት የብዙ ተማሪዎች መምህር ነበሩ።

ባለቤታቸው ከአርባው መታሰቢያ በኋላ በጎንደሩ መቅጃ ክፍል ገብተው በሆስፒታል ያነቡት የነበረውን ልብ ወለድ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ለቤተ መጻሕፍቱ ያነቡታል። ዲያቆን ኃይለ ጊዮርጊስ ተረኛ ሆነው ያርሙላቸዋል። የዳባቱ አዛውንትም መጨረሻውን እንዲሰሙ ካርዱ በመንገደኛ ይላክላቸዋል።

እግዚአብሔር አምላክ ድምፁን ብቻ ሰምተው ሲያመሰግኑት የኖሩትን የመምህር ቢያዝንን ነፍስ ፊቱን ለማየት ያብቃልን፤ ለእናታቸውም፣ ለልጆቻቸውም፣ ለወዳጆቻቸውም ሁሉ መጽናናትን ይስጥ። አሜን።